«የት ደረስክ?»

ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ መድረሻው 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በጭላሎ ግርጌ የተጫነ አንድ ኩንታል ስንዴ ቁሉምሳን፣ ኢተያንና ዴራን አልፎ አዳማ ሲገባ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል ማለት ነው።

በመኸር ወቅት 200 ኩንታል ስንዴ በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን ይህን መንገድ ወርደን ነበር። በጉዞው ላይ የአሽከርካሪው ስልክ አምስት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱ ጥሪ ከመኪናው ባለንብረት፣ ሁለቱ ከደላላ፣ አንዱ ከቤት ነበር። ጥያቄው ግን በአመዛኙ አንድ ነው፤ «የት ደረስክ?»

«ባያነሡትስ?» ብለን ጠየቅን።

«ካላነሣሁ ቀጣዩን ጭነት ለሌላ ይሰጡታል» አሉን፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

ይህን መልስ ይዘን ወደ ሙያችን እንመለስ። መኪናው ከነጭነቱ 30 ቶን ይመዝናል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 4.2 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። በ100 ሜትር ርቀት 5 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ የመሬት ስበት የ1.5 ቶን ክብደት በሚያህል ኃይል ወደፊት ይጎትተዋል። የጎማና የአየር ግጭት ከዚህ 0.3 ቶን ያህሉን ቢቀንስ፣ 1.2 ቶኑን የሚይዘው ሞተሩና ፍሬኑ ብቻ ነው።

አሁን አሽከርካሪው መልእክት ሊያነብ ዓይኑን ለ4.6 ሰከንድ ከመንገዱ ቢያነሣ ምን ይሆናል? ይህን ቁጥር ከራሳችን አላመጣነውም። በአሜሪካ የቨርጂኒያ ቴክ የትራንስፖርት ተቋም ተመራማሪዎች በከባድ መኪኖች ጋቢና ውስጥ ካሜራ ገጥመው እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረጉት ውጤት ነው፤ መልእክት የሚጽፉ አሽከርካሪዎች ከስድስት ሰከንድ ውስጥ በአማካይ ይህን ያህሉን መንገዱን አያዩም ነበር። በእኛ ቁልቁለት ላይ መኪናውን የሚይዘው ከሌለ በዚህ ጊዜ ውስጥ 80 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍጥነቱም ወደ 66 ኪሎ ሜትር ያድጋል። የስድስት ኪሎ ሜትር ጭማሪ ትንሽ ይመስላል፤ ጉልበት ግን በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ከ4.2 ወደ 5.1 ሚሊዮን ጁል ከፍ ብሏል። አሽከርካሪው ቀና ብሎ ጋሪ ቢያይ፣ ነገሩን ተረድቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ፣ መኪናው እስኪቆም ደግሞ ጥቂት ሰከንዶች ያስፈልጋሉ። በደህና ፍሬን እንኳ ቀና ካለበት ነጥብ 65 ሜትር ያህል ርቆ ነው የሚቆመው። በጠቅላላው 150 ሜትር ይጠጋል። ፍሬኑ በረጅሙ ቁልቁለት ግሎ ከደከመ ደግሞ ይህ ስሌት አይሠራም።

የቨርጂኒያው ጥናት መልእክት መጻፍ አደጋን ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋን በ23 እጥፍ፣ ቁጥር መደወል ደግሞ በ6 እጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ አግኝቷል። ማውራት ብቻውን ግን የከባድ መኪና አሽከርካሪዎችን አደጋ ሲያበዛ አልታየም። ይህን ለአንባቢ መደበቅ አይገባንም። በሌላ በኩል በዩታ ዩኒቨርሲቲ ስትሬየርና ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ በስልክ የሚያወሩ ሰዎች ሳያዩ ያለፏቸው ምልክቶች ከሌላው ጊዜ በእጥፍ በልጠዋል። ስልኩን በእጅ መያዝና በማዳመጫ ማውራትም ልዩነት አላመጣም፤ ዓይን ያረፈበትን አእምሮ ሳይመዘግበው ያልፋል።

ሁለቱ ውጤቶች እንዴት ይታረቃሉ? በሰፊውና ቀጥ ባለው የአሜሪካ አውራ ጎዳና ወሬ እንቅልፍን ያባርር ይሆናል። የአርሲ መንገድ ግን ሌላ ነው። ማለዳ ሯጮች በአስፋልቱ ጠርዝ ይለማመዳሉ፤ በገበያ ቀን ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ፈረሰኛና ከብት ይጋፉበታል፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ የቤተ ሙከራውን ማስጠንቀቂያ ማመን ይሻላል እንላለን።

«ታዲያ ረዳቱስ ሲያወራ አይውልም?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዩታ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመዋል። አሽከርካሪዎቹ አንድ መውጫ ላይ እንዲታጠፉ ታዘዙ። በስልክ ሲያወሩ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ መውጫውን ስተው አለፉ፤ አጠገባቸው ከተቀመጠ ሰው ጋር ያወሩት ግን አብዛኞቹ ታጠፉ። አጠገብ ያለው ሰው መንገዱን ያያል፤ ሲጨናነቅ ዝም ይላል፣ ምልክቱን ያመለክታል። በስልኩ ማዶ ያለው ሰው ቁልቁለቱን አያይም። ጥያቄውን የሚደግመውም እዚያው ጭንቅ ላይ ነው።

እኛም ይህንኑ በዓይናችን አየን። ከኢተያ በታች ረዳቱ ስለ እግር ኳስ እያወራ ሳለ ድንገት ወሬውን ቆርጦ «ጋሼ፣ ጋሪ!» አለ። አሽከርካሪው ከእርሱ ቀድመው አይተውት ኖሮ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ነበር። ጋሪው መንገዱን አቋርጦ እስኪያልፍ በጋቢናው ውስጥ ማንም አልተናገረም።

የሀገራችን የትራፊክ ደንብ ስልክ በእጅ ይዞ እያነጋገሩ ማሽከርከርን ይከለክላል። ቅጣቱ የሚያርፈው ግን መሪ በያዘው ሰው ላይ ነው፤ ጭነቱን በእጁ ይዞ የሚደውለውን አይነካም። በእኛ አስተያየት ባለንብረቶች የስልክ ጊዜ ከአሽከርካሪዎቻቸው ጋር ቢወስኑ፣ ለምሳሌ ዴራ ላይ ለሻይ ሲቆሙ ቢባል፣ አንድ ኩንታልም አይዘገይባቸውም።

አምስተኛው ጥሪ የመጣው ዴራን ካለፍን በኋላ ነው። አሽከርካሪው ስልኩን ሳያዩ ለረዳቱ አቀበሉት። ልጁም አንሥቶ «እየነዱ ነው፤ አዳማ ስንገባ ይደውላሉ» አለና ዘጋው። ባለንብረቱ መሆናቸውን የነገረን በኋላ ነው።