ከተከላ በኋላ የተለወጠውን ፋይል ስለ መለየት

የተገለበጠ መጽሐፍ ከተገለበጠበት መጽሐፍ ጋር ካልተስተያየ ስሕተቱ አይታወቅም። የኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ነው። የፊንላንድ ተወላጅ ሊኑስ ቶርቫልድስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1991 ዓመት የጀመረው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት በኮምፒዩተር ላይ ሲተከል ብዙ ሺሕ ፋይሎች በአንድነት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ አንዳንዱን ባለቤቱ ያርመዋል፤ አንዳንዱን ብልሽት ያገኘዋል፤ አንዳንዱንም ክፉ ሰው በስውር ይለውጠዋል። ስለዚህ የተለወጠውን ካልተለወጠው መለየት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን ነው። ነገር ግን ቀን የታመነ ምስክር አይደለም፤ ፋይሉን የለወጠው ሰው የቀድሞውን ቀን መልሶ ሊያስገባበት ይችላልና።

የሚሻለው በቁጥር መመርመር ነው። ፕሮግራሞች የሚመጡት በጥቅል ነው፤ ከጥቅሉም ጋር የፋይሎቹ ዝርዝርና ከያንዳንዱ ፋይል ይዘት በስሌት የወጣ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል። ከይዘቱ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በዴቢያን «ዴብሰምስ»፥ በሬድ ሃትና በፌዶራ «አር ፒ ኤም» የተባሉት መሣሪያዎች ቁጥሩን እንደ ገና አስልተው ከተመዘገበው ጋር ያስተያያሉ። «አር ፒ ኤም» ያገኘውን በምልክት ይናገራል፤ ይኸውም «ኤስ» የመጠን፥ «5» የይዘት፥ «ቲ» የጊዜ፥ «ኤም» የፈቃድ ለውጥ ነው።

ነገር ግን የተለወጠ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። «ኢ ቲ ሲ» በተባለው ማኅደር ያሉት የማስተካከያ ፋይሎች ባለቤቱ እንዲያርማቸው የተዘጋጁ ናቸው። ማንም ሳያድሰው ተለውጦ የተገኘ ፕሮግራም ግን ያስጠረጥራል። ከተከላው በኋላ የተጨመረ እንግዳ ፋይልም በጥቅሎቹ ዝርዝር ውስጥ ስለማይገኝ ለብቻው ይፈለጋል።

ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። ፕሮግራሙን ለመለወጥ ሥልጣን ያገኘ ሰው ዝርዝሩንም መርማሪውንም መሣሪያ ለመለወጥ ይችላል። ሌባ የዕቃ ቤቱንና የመዝገቡን ቁልፍ አብሮ ከያዘ ቈጠራው ምን ይረዳል? ስለዚህ ሥርዓቱ እንደ ተተከለ ወዲያው የቁጥሮቹን ዝርዝር ገልብጦ ሊጻፍበት በማይቻል ዲስክ ማኖር፥ በምርመራም ጊዜ ኮምፒዩተሩን በሌላ ንጹሕ ዲስክ ማስነሣት ይገባል። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጂን ኪምና ጂን ስፓፎርድ በ1992 ዓመት የሠሩት «ትሪፕዋየር» የተባለው ፕሮግራምም አስቀድሞ በተያዘ ዝርዝር የሚመረምር ነው። በደኅናው ቀን ያልተመዘገበ ነገር በችግር ቀን ማስተያያ አይገኝለትም።