ወላጅ ከወንበር የሚነሳበት ቀን፦ የኬጂ ልጆችና የወላጆች ስፖርት

ሰኔ ሲጋመስ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይደረደራል፤ ሞንታርቦው ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። ሕፃናቱ ሳምንታት የተለማመዱትን መዝሙር ያቀርባሉ፤ ደረጃ የወጡት ይሸለማሉ፤ ወላጅ በስልኩ ይቀርጻል። የወላጆች ቀን የምንለው ይህን ነው። ለትልልቆቹ ተማሪዎች ጥሩ ነው እንበል። ለኬጂ ልጅ ግን ሁለት ደቂቃ ለመታየት ሁለት ሰዓት ተራ መጠበቅ ከበዓል ይልቅ ለቅጣት ይቀርባል።

ለዚህ ዕድሜ የሚሻለው ሌላ ዓይነት ቀን ነው፤ ልጅና ወላጅ አብረው የሚሮጡበት፣ የሚዘሉበትና የሚወድቁበት የስፖርት ቀን። በዚህ ነገር ጃፓኖች የቆየ ልምድ አላቸው። ኡንዶካይ ይሉታል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1874 ቶኪዮ በነበረ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት እንግሊዛውያን መምህራን ያዘጋጁት ውድድር ሲሆን፣ ኋላ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤቶችና ወደ መዋዕለ ሕፃናት ተዛመተ። ቀይና ነጭ ቡድን ይመሠረታል፤ ቤተሰብ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል፤ እናትና አባትም የሚሮጡበት ተራ አላቸው።

እንዲህ ያለውን ቀን ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ በምትገኘው የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ማዕከል፣ በቤሌ ለማዘጋጀት ከውጭ የሚገዛ ዕቃ አያስፈልግም። ጆንያ፣ ገመድ፣ ሎሚ፣ ማንኪያ፣ ባዶ ሃይላንድ፣ አሮጌ ካልሲ፣ አንድ ጋቢ። ይኸው ነው። ከዕቃው ይልቅ የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ሰኔ መጨረሻ ክረምት ገብቷል፤ ሜዳው ጭቃ ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ደግሞ በልግ አለ። ስለዚህ ጥር ወይም የካቲት ላይ፣ የገበያ ቀን ባልሆነበት ዕለት፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ቢሆን ፀሐይ ሳይበረታ ያልቃል። ከዚያ በላይ ማስረዘም ልጆቹን ማነጫነጭ ነው።

ስፖርት ሲባል ብዙ አባቶች ቶሎ የሚታያቸው ኳስ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣበት አገር ነው። ግን አሥር የአምስት ዓመት ልጆችን በአንድ ኳስ ልቀቋቸው፤ ሁለቱ ፈጣኖች ይጫወታሉ፣ ስድስቱ ከኋላ ይሮጣሉ፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ አፈር ይጭራል። ለዚህ ዕድሜ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ጨዋታ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ለመክፈቻ የሚመቸው የጋቢው ነው። ስምንት ወይም አሥር ወላጆች ጋቢውን ዙሪያውን ይዘው ይወጥሩታል። መሐሉ ላይ ከካልሲ የተጠቀለሉ ኳሶች ይደረጋሉ። መሪው ሲቆጥር ሁሉም እኩል ያነሳሉ፣ ኳሱ ይዘላል፣ ልጆቹ የወደቀውን እየለቀሙ ይመልሳሉ። ቀጥሎ ጋቢው ወደ ላይ ከፍ ሲል ልጆቹ በሥሩ ሮጠው ወደ ማዶ ያልፋሉ፤ ቀስ ብሎ ሲወርድ ውስጥ የቀረው ልጅ ይሸፈንና ይንጫጫል። ተሸናፊ የለም። ደግሞም ወላጆቹ ሳይታወቃቸው ከወንበራቸው ተነስተዋል፤ አንዴ ከተነሱ በኋላ መልሶ ማስቀመጡ ነው የሚከብደው።

የጫማ ፍለጋውም እንዲሁ ነው። የልጆቹ ሁሉ ጫማ ወልቆ ሜዳው መሐል ይከመርና ይደባለቃል። ልጁ ሮጦ የራሱን ጥንድ ለይቶ ለወላጁ ያመጣል፤ ወላጁ ግን ማጫማት አይፈቀድለትም፤ በቃል ብቻ ይመራል። ቀኝና ግራ የሚለይ፣ ክር የሚያስር፣ ተረከዙን ረግጦ የሚሮጥ ልጅ እዚህ ይታያል። መምህራን ስለ ልጆቹ ችሎታ ከፈተና ወረቀት የማያገኙትን ነገር በአምስት ደቂቃ ያያሉ።

ሎሚ በማንኪያ ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ አንድ ማሻሻያ ግን ይፈልጋል። ማንኪያውን በጥርስ ነክሶ መሮጥ ለሕፃን አደገኛ ነው፤ ቢወድቅ ጉሮሮውን ይወጋዋል። ልጁ በእጁ ይያዝ። ወላጁ ግን እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ማንኪያውን ነክሶ በእርምጃ ብቻ ይሂድ፤ ርቀቱ ለሁለቱም ሃያ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሎሚው ትንሽ ሆኖ ካስቸገረ ድንች ይተካዋል።

ለጆንያ ዝላይ የእህል ጆንያ ይመረጥ። ዳፕ ወይም ዩሪያ የነበረበት ማዳበሪያ ቢታጠብም ለልጅ ቆዳ አይመከርም። የጆንያው አፍ ብብት ከደረሰ ልጁን ጠልፎ ይጥለዋል፤ ወገቡ ድረስ እንዲሆን ወደ ውጭ ይታጠፍ። ሜዳው ሣር ካልሆነ ደግሞ ይህ ጨዋታ ቢቀር ይሻላል።

ገመድ ጉተታ ላይ ልጆችን ከልጆች ከማጋጠም ልጆችን ከአባቶች ማጋጠም ይጥማል። አሥራ አምስት ልጆች በአንድ ወገን፣ ሦስት አባቶች በሌላው። የእንሰት አገር ስለሆነ የቃጫ ገመድ አይጠፋም፤ ሻካራ ስለሆነ ግን የሚያዝበት ቦታ ላይ ጨርቅ ይጠምጠምበት። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ፈጽሞ ክልክል ነው። መሐሉ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የወላይታ የባህል ጨርቅ ቢታሰር ማን እንደጎተተ ከሩቅ ይለያል። አባቶቹ እንዲሸነፉ ቀድሞ መንገር አያስፈልግም፤ ልጆቻቸው ሲጮኹባቸው ራሳቸው ይለቃሉ።

ውሃ ማመላለሱ ለእናቶች ብርታት ማሳያ ነው። ልጁ ከባልዲ በኩባያ ቀድቶ ይሮጣል፣ እናቱ ሃይላንዱን ይዛ ትጠብቃለች፣ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ሕፃን ያዘለች እናትም ቆማ ልትካፈልበት ትችላለች፤ ጨዋታ ሲመረጥ ይህ መታሰብ አለበት። መዝጊያው መሀረቤን ያያችሁ ቢሆን ደስ ይላል። ልጅና ወላጅ ተቀላቅለው ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንዱ መሀረቡን ይዞ ከኋላቸው እየዞረ ይጠይቃል፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፣ ሳያዩት ከአንዱ ኋላ ይጥለዋል። የተጣለበት ካወቀ ያባርረዋል። አያቶች ጭምር ስለሚያውቁት ማስረዳት አይፈልግም።

የወንበር ሽሚያን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ዓይን አፋሩና ዘገምተኛው ልጅ ነው፤ መንቀሳቀስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ቆሞ ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ እንዳለበት፣ ከዚህም 60ው ሞቅ ያለ እንዲሆን ይመክራል። ልጅን ከጨዋታ እያስወጡ ይህ አይሞላም።

የየጨዋታው መመሪያ በወላይትኛ ቢነገር መልካም ነው፤ በድንጋጤ ሰዓት ልጅ የሚሰማው የቤቱን ቋንቋ ነው። ወላጁ መምጣት ላልቻለ ልጅ ጠዋት ላይ ሳይሆን ከቀናት በፊት አብሮት የሚሮጥ ታላቅ ወንድም፣ አክስት ወይም መምህር ይመደብለት፤ ሜዳ ላይ «የማን ወላጅ ነው ያልመጣው?» ተብሎ በሞንታርቦ መጠየቅ ያሳፍራል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥንና በቂ የመጠጥ ውሃ ሳይዘጋጅ ደግሞ ፊሽካ አይነፋ።

ሽልማቱስ? ለሁሉም እኩል፤ እርሳስና ደብተር ይበቃል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚባል ነገር ለትልልቆቹ ይቆይ። ለመክሰስ ከከረሜላ ይልቅ ሙዝ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ዳቦ ቢቀርብ በአካባቢው የሚበቅል፣ ልጆቹ የለመዱት ነው።

የጥሪ ወረቀቱ ቤታችሁ ሲደርስ እናንተ ወላጆች አንድ ነገር አድርጉ፦ ሱፍና ታኮ ጫማውን ለሠርግ አቆዩትና ለመሮጥ የሚያመች ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ስልካችሁንም ለጎረቤት ስጡ፤ ፎቶውን እሱ ያንሳ።