ስለ አዮን ለዋጭ ገለፈትና ስለ አዳማ ውሃ

ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን የተገኘ መሆኑ የታወቀ ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ሊለያይ መቻሉንም ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1800 አሳይተዋል። ኤሌክትሪኩ ከነፋስ ወይም ከውሃ ኃይል ሲመጣ የሚገኘው ጋዝ ዛሬ «አረንጓዴ ሃይድሮጅን» ይባላል። ይህ ሥራ በአዳማ ቢታሰብ ምን ያስፈልገዋል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ሃይድሮጅን ከናይትሮጅን ጋራ ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድም ዩሪያ ማዳበሪያ ይሠራል። አገራችን ዩሪያን ከውጭ እየገዛች ስለ ኖረች ጉዳዩ የገበሬውን ማሳ የሚነካ ነው።

ውሃን በሚለያየው መሣሪያ ውስጥ በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል አንድ ስስ ገለፈት ይቆማል። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ፥ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከተደባለቁ የሚፈነዱ ስለ ሆኑ ለያይቶ ይይዛቸዋል። ሁለተኛ፥ አዮኖችን መርጦ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዱፖንት ኩባንያ የተገኘው ናፊዮን የታወቀው ምሳሌ ነው፤ አንደኛው ዓይነት 0.18 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። በውስጡ የተተከሉት የሰልፎኒክ አሲድ ክፍሎች ኔጌቲቭ ስለ ሆኑ ፖዘቲቩን የሃይድሮጅን አዮን እየተቀባበሉ ያሻግሩታል። ይህ ዓይነት ፕላቲነምና ኢሪዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድኖች ይፈልጋል። ኔጌቲቭ አዮን የሚያሳልፈው ሌላው ዓይነት ግን በኒኬል ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ዕድሜው ገና አጭር ነው።

አሁን ወደ አዳማ እንምጣ። ኃይሉ በቅርብ አለ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፥ 153 ሜጋዋት ያለው ሁለተኛው የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫም በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም ለሙከራ ሥራ የሚመች ነው። ችግሩ ያለው ከውሃው ላይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የሚበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ብዙውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔትም ይበዛበታል። ሶዲየሙ ወደ ገለፈቱ ገብቶ የሃይድሮጅን አዮንን ቦታ ይወስዳል፤ መንገዱም ይዘጋል። ባይካርቦኔቱ ደግሞ ሁለተኛውን ዓይነት በተመሳሳይ መንገድ ያደክመዋል። ፍሎራይዱም የመሣሪያውን የቲታኒየም ክፍሎች ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ ከጨው ሁሉ መጽዳት አለበት።

የሚፈለገው ውሃ ግን ብዙ አይደለም። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን 9 ሊትር ንጹሕ ውሃና 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚያህል ኃይል ይጠይቃል። እንግዲህ የ1 ሜጋዋት መሣሪያ በሰዓት የሚፈጀው 180 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር 9 ጀሪካን ነው፤ ለማጣሪያውና ለማቀዝቀዣው የሚሄደው ሳይቆጠር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው የፍሎራይድ ልክ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በወንጂ አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ይህን ውሃ ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፥ አጥንቱም ይጎዳል። ለገለፈቱ ሲባል የሚቆም ማጣሪያ ፍሎራይዱንም የሚያስወግድ ስለ ሆነ፥ ሰፋ ተደርጎ ቢሠራ ለሰውም ይተርፋል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የሚያቅድ መሐንዲስ ከመሣሪያው በፊት የመንደሩን ጀሪካን ቢቆጥር መልካም ነው።