እንዴት ይሠራል? ለስላሳው የሪቮልቨር ጥይት

አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኩስን እንደ ስፖርት የያዙ ብዙ ሰዎች የተተኮሰ ቀለህ አይጥሉም። ሰብስበው ቤታቸው ይወስዱና መልሰው ይሞሉታል። በአገሪቱ የፌዴራል ሕግ ለራስ የሚሆን ጥይት መሙላት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን ፈቃድ ግድ ነው። የሪቮልቨር ተኳሾች በብዛት የሚሞሉት ርግጫው የለዘበ የልምምድ ጥይት ነው። ጥይቱ ለእጅ ቢለሰልስም አሞላሉ ግን ከኃይለኛው ጥይት ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለምን?

አንድ ጥይት አራት ነገሮችን ይዟል። ከናስ የተሠራው ቀለህ ሌሎቹን አቅፎ ይይዛል። ከግርጌው መሀል ላይ መርፌ ሲመታው እሳት የሚተፋ ትንሽ ካፕሱል አለ። ካፕሱሉ ባሩዱን ይለኩሳል፣ ባሩዱ ነዶ ጋዝ ይሆናል፣ ጋዙም አረሩን በበርሜሉ ገፍቶ ያስወጣል። አረሩ ወደ ፊት ሲወረወር ሽጉጡ በአጸፋው ወደ ኋላ ይራገጣል። ርግጫው ሲበረታ ተኳሹ ገና ቃታውን ሳይስብ መደንገጥ ይጀምራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፈሙዙንም ወደ ታች ይደፍቀዋል። ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም። ለስላሳ ጥይት የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ይህን ጥይት ለመተኮስ ሪቮልቨር የሚመረጥበት ምክንያት አለ። አውቶማቲክ ሽጉጥ ቀለሁን የሚያስፈነጥረውና ቀጣዩን ጥይት የሚያጎርሰው በተኩሱ በራሱ ኃይል ነው፤ ጥይቱ ከደከመ መሣሪያው ይነክሳል። ሪቮልቨር ግን የጥይት ማደሪያው የሚዞረው በተኳሹ ጣት ጉልበት ስለሆነ ጥይቱ ቢለዝብም ሥራው አይቆምም። ቀለሁም አይበተንም፤ ማደሪያውን ከፍቶ ቀለሆቹን ሁሉ በመዳፍ መቀበል ይቻላል።

ለልምምድ በጣም የታወቀው 38 ስፔሻል የተባለው ጥይት ነው። የሽጉጥ አምራቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሲያወጣው የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁር ባሩድ ብዙ ቦታ ስለሚፈልግ ቀለሁ ረጅም ሆኖ ተሠራ። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ ለዚያው ሥራ ጥቂቱ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመጣው 357 ማግነም ጥይት ከፍተኛው የተፈቀደ ግፊቱ የ38 ስፔሻል እጥፍ ያህል ነው። ቀለሁም 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲረዝም የተደረገው ወደ ደካማው ባለ 38 ሽጉጥ እንዳይገባ ነው። ባለ 357 ሽጉጥ ግን 38 ስፔሻልን ይተኩሳል፤ ከባድ ሽጉጥ በለስላሳ ጥይት መለማመድ የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው።

የልምምዱ አረር ብዙ ጊዜ 9.6 ግራም የሚመዝን፣ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ እርሳስ ነው። ሹል አረር የዒላማውን ወረቀት ቀድዶ ሲያልፍ ጠፍጣፋው ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ይቆርጣል፤ ነጥብ ለመቁጠር ያመቻል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ200 ሜትር እምብዛም አይርቅም።

አደጋው ያለው ከዚያ ረጅም ቀለህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ጥቂቱ ባሩድ ከታች ስለሚቀመጥ እጁ የዘነጋ ሰው በዚያው ቀለህ ሁለተኛ ጊዜ ባሩድ ቢጨምርበትም ሞልቶ አይፈስም። እንዲህ ያለው ጥይት ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል። ባሩዱ ከተረሳ ወይም ከመጠን በላይ ከተቀነሰ ደግሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ከኋላው ሌላ ከተተኮሰ በርሜሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ድምፁ ከተለመደው ያነሰ ተኩስ ሲሰማ ወዲያው ማቆም፣ ጥይቱን ማውጣትና በርሜሉን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ባሩድ የገባባቸውን ቀለሆች በቀዳዳ ጣውላ ላይ በረድፍ ያቆማሉ። አረር ሳያስገቡ በፊት ባትሪ እያበሩ የእያንዳንዱን ውስጥ ያያሉ። የባሩዱ ከፍታ ከጎረቤቱ የተለየውን ደፍተው እንደገና ይመዝናሉ። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ በላይ የባሩድ ዕቃ አያስቀምጡም፤ ባሩድ ከባሩድ እንዳይሳሳት። መጠኑንም ከግምት ሳይሆን የባሩድ አምራቹ ካሳተመው መመሪያ ይወስዳሉ፤ ከተጻፈው ከፍተኛ አይበልጡም፣ ከዝቅተኛውም አይወርዱም።

ሌላው ጉዳይ እርሳስ ነው። ከአረሩም ከተቃጠለው ካፕሱልም የሚወጣው የእርሳስ ብናኝ ይመርዛል፤ በተለይ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ ይህ ሥራ ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራ። ሲጨርሱም እጅን በሳሙና በደንብ መታጠብ ነው። እናንተም ተኩስ ቦታ የምታውቁት ሰው እቤቱ የሞላውን ጥይት ቢሰጣችሁ አመስግናችሁ መልሱለት። ውስጡን ያየው የሞላው ሰው ብቻ ነው።