ከባቡር ጣቢያ እስከ ስኳር ፋብሪካ፦ የአዳማና የወንጂ ነባር የኢንዱስትሪ ሕንፃዎች ዳግም አገልግሎት

አገልግሎታቸውን የጨረሱ የኢንዱስትሪ ሕንፃዎችን ለባህልና ለንግድ ማዋል በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። በፓሪስ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው የኦርሴ ባቡር ጣቢያ ከ1986 ጀምሮ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል፤ በኬፕ ታውን የነበረ የእህል ጎተራም በ2017 ለዘመናዊ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየምነት ተከፍቷል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩ በአዳማና በአካባቢዋ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚገባ ይመረምራል።

በአካባቢው ሁለት ዓይነት ቅርስ አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ቅርስ ነው። ሞጆና አዳማ ጣቢያዎቻቸውን ተከትለው ያደጉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር የባቡሩን እንቅስቃሴ ከነባሮቹ ጣቢያዎች አርቆታል። ሁለተኛው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 በወንጂ፣ በ1962 ደግሞ በሸዋ ሥራ ያስጀመራቸው የስኳር ፋብሪካዎች ናቸው። አዲሱ ፋብሪካ ሲተካቸው ሁለቱም ሥራ አቁመዋል።

ሁለቱን ቅርሶች በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የጣቢያ ዋጋ በቦታውና በግንባታው ላይ ነው፤ የመንገደኞች አዳራሽ ብዙ ሳይለወጥ የመጻሕፍት መደብር፣ ቡና ቤት ወይም የዐውደ ርእይ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩም የጥገናውን ወጪ ሊደግፍ ይችላል። በአዋሽ ለባቡር ተጓዦች የተሠራው ቡፌ ዳዋሽ በሆቴልነት መዝለቁ ለዚህ ቅርብ ማሳያ ነው። የፋብሪካ ዋጋ ግን በአብዛኛው በውስጡ ባሉት መሣሪያዎች ላይ ነው። የሸንኮራ መጭመቂያውና ቦይለሩ በቁራጭ ብረትነት ተሸጠው አዳራሹ ብቻ ቢቀር፣ ሸንኮራው ስኳር የሚሆንበትን ሂደት የሚመሰክር ነገር አይኖርም።

የሠራተኛው ታሪክም ከዚህ አይለይም። የወንጂ የጉድጓድ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ስለነበረው፣ ለረጅም ዘመን የጠጡት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው በጥርስና በአጥንት ፍሎሮሲስ መጎዳታቸውን የሕክምና ጥናቶች አረጋግጠዋል። ይህን ጉዳት ሳያወሳ የኢንዱስትሪውን ውበት ብቻ የሚያሳይ ሙዚየም ታሪኩን በግማሹ ብቻ ይነግራል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት አድርጎ ስለሚተረጉም፣ ፋብሪካንና ጣቢያን ለማካተት በቂ ስፋት አለው። የሚቀረው የሥራ ቅደም ተከተል ነው። ከጨረታና ከኪራይ ውል በፊት መሣሪያዎቹ ሊመዘገቡ፣ ሕንፃዎቹ ሊለኩና የነባር ሠራተኞች ቃል ሊቀረጽ ይገባል። ግድግዳ ቢፈርስ በልኬቱ መልሶ መገንባት ይቻላል፤ መሣሪያውን ያንቀሳቅስ የነበረው ሠራተኛ ካለፈ ግን ዕውቀቱ አብሮት ይሄዳል።