ማኅተም የሌለው ደብዳቤ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ፣ ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ ሳለ፣ ዕድሜያቸውን ፊደል በማስቈጠር አሳልፈው አሁን በጡረታ የተቀመጡ ጎረቤቴ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ፣ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እንደ ያዙ ከደጃፌ ቆመው አገኘኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከብዙ ዘመን በፊት ያስተማሩት፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ በቴሌግራም «እትዬ፣ እንደምን አመሹ፤ ተሳስቼ በእርስዎ ቍጥር ያስላክሁት ኮድ አለ፤ እባክዎ ቶሎ ይላኩልኝ» ብሎ ጻፈላቸው፤ እውነትም አምስት አኃዝ ያለው ኮድ ወዲያው ደረሳቸው፤ ኮዱ ለማንም እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ቃል አብሮት ተጽፎ ሳለ፣ እሳቸው የተማሪያቸውን ስም እንጂ ያንን ቃል ስላላነበቡ፣ አምስቱን አኃዝ አንድ በአንድ ገልብጠው ላኩለት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሐዋሳ የሚኖረው የእኅታቸው ልጅ ደውሎ «አክስቴ፣ አምስት ሺሁ ብር ደረሰዎት? ሐኪሙስ ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ እሳቸው ያልጻፉት ልመና በእሳቸው ስምና በእሳቸው ፎቶግራፍ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ እንደ ተበተነ ያን ጊዜ ገባቸው። «ገንዘቡስ ይተካል፤ ይህ ሰው ግን ስሜን ነው የወሰደብኝ» አሉኝ።

ስለ ኮምፒውተርና ስለ ስልክ ጥበቃ ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ የነገሩን ሥር የገለጠልኝ ይህ የእሳቸው ቃል ነው። በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ ይታመን የነበረው ስለ ቃሉ ማማር ሳይሆን ስለ ማኅተሙ ነበር። የነገሥታቱ ማኅተም ከደብዳቤው ራስጌ ላይ ያርፋል፤ የማኅተሙ ጠባቂ ጸሐፌ ትእዛዝ ይባላል፤ ተቀባዩም ቃሉን ከማንበቡ በፊት ማኅተሙን ይመረምራል፣ መልእክተኛውንም ከማን ዘንድ እንደ መጣ ይጠይቃል። በዛሬው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ግን ስምና ፎቶግራፍ ማኅተም መስለው ይታያሉ እንጂ ማኅተም አይደሉም፤ ማንም በፈቀደው ስም ሊጠራ፣ የማንንም መልክ ሊለጥፍ ይችላልና። እውነተኛው ማኅተም አለ፤ ነገር ግን በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ፣ ማንበቡን ካልተማረ ዓይን ተሰውሮ ነው የሚገኘው።

ይህ ተንኰል ትናንት የተወለደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 4 ቀን 2000 ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ከማኒላ «እወድሃለሁ» የሚል አርእስት ያለው ኢሜል ተነሣ። የተያያዘው ፋይል የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን ስሙ ይናገር ነበር፤ የስሙም መጨረሻ ተራ ጽሑፍ መሆኑን የሚያመለክተው ‹ቲኤክስቲ› ይመስል ነበር። ከዚያ በስተኋላ ግን ‹ቪቢኤስ› የሚሉ ሌሎች ፊደላት ነበሩ፤ ትርጕማቸውም ይህ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ሳይሆን ኮምፒውተር የሚፈጽመው ትእዛዝ ነው ማለት ነው። ዊንዶውስ እነዚያን የመጨረሻ ፊደላት ከተጠቃሚው ዓይን ሰውሮ የሚያቀርብ በመሆኑ፣ የሚያውቁት ሰው የላከላቸውን የፍቅር ቃል ለማንበብ የጓጉ ሁሉ በገዛ እጃቸው ትእዛዙን አስፈጸሙ፤ ፕሮግራሙም በየሰው የአድራሻ መዝገብ ውስጥ ለተገኙት ሁሉ፣ በዚያው ሰው ስም፣ ራሱን እያባዛ ላከ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ኮምፒውተሮች ተለከፉ፤ የእንግሊዝ ፓርላማ እንኳ የኢሜል አገልግሎቱን ለጊዜው ለመዝጋት ተገደደ። የፕሮግራሙ ደራሲ ኦኔል ደ ጉዝማን የኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ የሰውን የኢንተርኔት ፓስወርድ የሚሰርቅ ፕሮግራም ለመሥራት ለመመረቂያ ጽሑፉ ሐሳብ አቅርቦ ኮሌጁ አልቀበልም ብሎት ነበር። ፊሊፒንስ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን በደል የሚቀጣ ሕግ ስላልነበራት ክሱ ተሠረዘ፤ ሕጉ በዚያው ዓመት ቢታወጅም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊደርስበት አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ዘመናት ቢያልፉም በጎረቤቴ ስልክ ላይ የሆነው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የታመነ ስም ይቀድማል፣ የተሰወረ ትእዛዝ ይከተላል።

እንግዲህ ማኅተሙን ማንበብ እንማር። አንድ ሊንክ ሲላክላችሁ ፈጥናችሁ አትንኩ፤ አድራሻውን ከመነሻው ጀምራችሁ ከሁለቱ የመጀመሪያ ስላሾች በኋላ እስከሚመጣው ነጠላ ስላሽ ድረስ ተመልከቱና፣ ከዚያች ስላሽ ተነሥታችሁ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ አንብቡ። የአድራሻው ባለቤት የሚታወቀው በዚያ መጨረሻ ላይ ባሉት ቃላት ነው፤ ከፊት ለፊት ያለውን ማንም እንደ ወደደ ሊጽፈው ይችላል። ለምሳሌ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲቪ ዕጣ አድራሻ በ‹ስቴት ነጥብ ጎቭ› ያበቃል፤ አታላዩ ግን ‹ስቴት ነጥብ ጎቭ› ብሎ ጀምሮ፣ ሰረዝ ጨምሮ፣ ‹ዲቪ ነጥብ ኮም› ብሎ ቢጨርሰው፣ ባለቤቱ ‹ጎቭ ሰረዝ ዲቪ ነጥብ ኮም› የተባለ ሌላ ሰው ሆኗል ማለት ነው። ዕጣ ደርሷችኋልና ለዚህ ያህል ክፈሉ የሚል ኢሜል ስንቱን ወጣት፣ ስንቱን ቤተ ሰብ እንዳራቈተ ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ መሥሪያ ቤቱ ዕጣ የደረሰውን ሰው በኢሜል እንደማያበሥር፣ ውጤቱም በራሱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ በምዝገባ ቍጥር እንደሚታይ ደጋግሞ ያሳወቀ ነውና።

ለፊደል ሰው የሚያስደንቅ ሌላም ነገር አለ። እኛ ‹ሀ›ን፣ ‹ሐ›ን፣ ‹ኀ›ን በድምፅ አንድ፣ በመልክ ሦስት አድርገን ስንጽፍ ኖረናል። የኢንተርኔቱ አታላይ ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ያገኘው ይመስላል፤ የላቲኑ ‹ኤ› እና ሩሲያውያን የሚጽፉበት የሲሪሊክ ‹አ› በመልክ ፈጽሞ አንድ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ በሲሪሊክ ፊደላት ብቻ ዓይን ሊለየው የማይችል የአፕል ኩባንያን አድራሻ ጽፎ አሳየ፤ በዚያን ጊዜ የነበሩ አንዳንድ ብራውዘሮችም አልለዩትም። ስለዚህ የባንካችሁን አድራሻ ከተላከላችሁ ሊንክ አትቀበሉ፤ በገዛ እጃችሁ ጻፉት፣ ወይም በባንኩ አፕ ግቡ። በአንዳንድ ብራውዘሮች በአድራሻው ጎን የምትታየው የቍልፍ ሥዕልም የሚላላከው ነገር በመንገድ ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ መሸፈኑን እንጂ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አትመሰክርም።

ወደ ቤት ኮምፒውተር ስንመለስ፣ በአገራችን ብዙ ሰው ቫይረስን የተዋወቀው በፍላሽ ነው። የወንድሜ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ይዛ ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች፤ ቤት ስትመለስ ፎልደሮቿ ሁሉ ከጥጋቸው ትንሽ ቀስት የተሳለባቸው ሾርትከት ሆነው አገኘቻቸውና፣ የዓመት ድካሜ ጠፋ ብላ ስታለቅስ አመሸች። ጽሑፉ ግን አልጠፋም ነበር። ሾርትከት ቫይረስ የሚባለው እውነተኞቹን ፎልደሮች ይሰውርና በየስማቸው ሐሰተኛ መግቢያ ይተክላል፤ ሰው ያንን ሲነካ የቫይረሱ ትእዛዝ አስቀድሞ ይፈጸማል፣ ፎልደሩም ተከትሎ ስለሚከፈት ባለቤቱ ምንም እንዳልሆነ ይመስለዋል። ፎርማት አድርጊው ያሏትን ሰዎች ምክር ብትሰማ ኖሮ ጽሑፏን ራሷ ባጠፋችው ነበር፤ በአንቲቫይረስ ካጸዳንላት በኋላ የተሰወሩትን ፋይሎች ስንገልጥ፣ አንድ ገጽ ሳይጐድል ተገኘ። ለማሳተም ስትሄዱ ሌላ ምንም በሌለበት ፍላሽ የፒዲኤፍ ግልባጭ ብቻ ያዙ፤ ዋናው ከቤት አይውጣ።

ከዚህ የከፋው ግን ክራክ የተባለው ልማድ ነው። ያልተገዛ ፕሮግራም የሚጭንልን ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ይህም ዘበኛውን ከግቢ አስወጥቶ የማያውቁትን እንግዳ በሌሊት ማስገባት ነው። ድኽነታችን ምክንያት መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከዊንዶውስ ጋራ ያለ ዋጋ የሚመጣ ዲፌንደር አለ፣ ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሥራም ሊብሬኦፊስን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም አለና፣ የቤታችንን ምሥጢር ሁሉ ለዚህ ስንል አሳልፈን ልንሰጥ አይገባም። አፕዴት ሲመጣ ነገ እያልን ማሳለፋችንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች የኮምፒውተሮችን ፋይል ቈልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ካልተከፈለኝ አልፈታም ባለ ጊዜ፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኞቻቸውን እስከ መመለስ ደርሰው ነበር፤ ማይክሮሶፍት ግን ያ ቀዳዳ የሚደፈንበትን አፕዴት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱንም ባለ ኮምፒውተሩ ሁሉ ይወቅ። የብራና ጸሐፍት አንዱን መጽሐፍ ለብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባይገለብጡት ኖሮ በእሳትና በዝርፊያ ስንቱ ድርሳን በጠፋ ነበር፤ እንዲሁ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍና የቤታችሁን ሰነድ በሌላ ዲስክ ገልብጡና፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ።

ስለ ቍልፍ ጥቂት ልጨምር። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሙዳየ ምጽዋት የሚከፈተው ቍልፍ ያዦቹ በአንድነት ሲገኙ ነው፤ ይህም ማንንም በመጠርጠር ሳይሆን፣ አንዱ ቍልፍ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ገንዘቡ እንዳይጠፋ ነው። በቴሌግራም፣ በኢሜልና በፌስቡክ ያለው ሁለተኛ ማረጋገጫ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ጎረቤቴ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ይህን ሁለተኛ ፓስወርድ አስቀድመው አኑረው ቢሆን ኖሮ፣ አምስቱ አኃዝ ብቻቸውን ለሌባው ምንም ባልጠቀሙት ነበር። ያን ማታ ያዳነን ሌላ ነገር ነው፤ አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባሩን ማስወጣት ስለማይችል፣ ‹ዲቫይስስ› በሚለው ዝርዝር ውስጥ የማናውቀውን ስልክ አግኝተን አስወጣነው። ከሁሉ በፊት ግን የቀሩትን ዘመዶች በስልክ እየደወልን አስጠነቀቅን፤ የተሰረቀን ስም በተሰረቀው መንገድ መመለስ አይቻልምና።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በዚያ አገር ሌባው የሚሻው ዘጠኝ አኃዝ ያለውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቍጥር ነው፤ በእርሱ ብድር ይወስዳል፣ ክሬዲት ካርድ ያወጣል፣ ባለ ስሙም ዕዳውን የሚሰማው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የሰዎችን የብድር ታሪክ ከሚመዘግበው ከኢኩዊፋክስ ኩባንያ ብቻ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መዝገብ ተሰርቋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ሴፕቴምበር ጀምሮ ግን ማንኛውም ሰው በሦስቱ የብድር መዝጋቢ ኩባንያዎች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ ክሬዲቱን ያለ ክፍያ ማስቈለፍ ይችላል፤ አዲስ ብድር ሲያስፈልገው ራሱ ይከፍተዋል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች ይህን የማድረግ ግዴታ በልጆች ላይ ነው።

በአገራችንም ሕግ አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 የሌላውን ሰው ማንነት በኤሌክትሮኒክ መንገድ መስረቅን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የተታለለ ሰው ስለ ኀፍረት ብሎ ዝም ሊል አይገባውም፤ የተጻፈውን መልእክት ሳያጠፋ ፎቶ አንሥቶ፣ ወዲያው ለባንኩ፣ ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። ጎረቤቴ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም ነበር፤ አርባ ዓመት የተማሪዎቻቸውን ፈተና ሲያርሙ የኖሩ ሰው በአንድ ማታ አላዋቂ የሆኑ መስሏቸው። ማፈር የሚገባው ግን እሳቸው ሳይሆኑ፣ ለተማሪ ያላቸውን ፍቅር መግቢያ ያደረገው ሰው ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ማታ እራት በልታችሁ ስትነሡ፣ ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስልካቸውን ተቀብላችሁ ሁለተኛውን ቍልፍ ከእነርሱ ጋራ ሆናችሁ ግጠሙ፤ ኮድ ወይም ገንዘብ የሚለምን ደብዳቤ በእናንተ ስም እንኳ ቢመጣላቸው፣ ደውለው ድምፃችሁን ሳይሰሙ እንዳይልኩ ቃል አስገቧቸው።