ሾፋጁ ለምን ከቤት ውጭ ይተከላል?



በሊባኖስ ክረምት ሲገባ፣ በተለይ በተራራው በኩል በዛህሌ፣ በብሻሬና በፋራያ የምትሠሩ፣ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚነሣው ጉዳይ ሾፋጅ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቤቱን የሚያሞቁት ራዲያተሮች በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ናቸው። እሳቱ የሚነድበት ማሽን ግን፣ ማዳሞቹ ሾድየር የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ በጣሪያ ላይ፣ በበረንዳ ወይም ለብቻው በተሠራ ትንሽ ክፍል ይቀመጣል። ምክንያቱን ማወቅ ሕይወትን የሚመለከት ስለሆነ በዚህ እትም ባጭሩ እናስረዳለን።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ማሽኑ ማዞት ወይም ጋዝ እያነደደ ውኃ ያሞቃል። የሞቀውን ውኃ ፓምፕ በቧንቧ እየገፋ ወደ ራዲያተሮቹ ይልከዋል። ውኃው ሙቀቱን ለክፍሉ ሰጥቶ ሲቀዘቅዝ ወደ ማሽኑ ተመልሶ እንደገና ይሞቃል። ስለዚህ ማሽኑ ውጭ ሲሆን ወደ ቤት የሚገባው ሙቅ ውኃ ብቻ ነው፤ እሳቱ፣ ጭሱ፣ ድምፁና የማዞቱ ሽታ ውጭ ይቀራሉ።

ዋናው ምክንያት ጭሱ ነው። እሳት ለመንደድ አየር ይፈልጋል። አየር ሲያንሰው ወይም ማሽኑ በጥላሸት ሲዘጋ ነዳጁ በደንብ አይነድም፤ ያን ጊዜ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ በብዛት ይወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በአገራችን ከሰል ቤት ውስጥ አድርገው የተኙ ሰዎች ጠዋት ሞተው ተገኙ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ጋዝ ነው። ደማችን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊያልፍ ይችላል።

«ውጭ» የሚባለው የቱ ነው?

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በብዙ ሕንፃዎች በረንዳው ለብርድ ሲባል በመስታወት ወይም በወፍራም ላስቲክ ይዘጋል። በረንዳው ከተዘጋ በኋላ ማሽኑ ስሙ ውጭ ነው እንጂ በእርግጥ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ከእኅቶቻችን መካከል ደግሞ በረንዳ ላይ ወይም ከበረንዳው ጋር በተያያዘ ጠባብ ክፍል የሚያድሩ አሉ። ቤተሰቡ ከጭሱ ርቆ ሲተኛ ከማሽኑ አጠገብ የምታድረው ሠራተኛዋ ናት ማለት ነው።

በደንብ የተተከለ ማሽን አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይሆናል። የቆመበት ወለል እሳት የማይዘው ነው፤ ከላይ ከዝናብ የሚከልለው ክዳን አለው፤ ጭስ ማውጫው ከማንኛውም መስኮት ይርቃል፤ ቧንቧዎቹም ውኃው በውርጭ እንዳይረጋ ተጠቅልለዋል። በየዓመቱ ብርድ ሳይገባ ባለሙያ ያጸዳዋል፣ ይመረምረዋል።

እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ማሽኑን ለመጠገን አትሞክሩ። ውኃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ትርፉን የሚያስወጣ መተንፈሻ አለው፤ ከዚያ ውኃ ሲንጠባጠብ ብታዩ ለማዳም ንገሩ እንጂ በጨርቅ አትድፈኑት።

ሁለተኛ፣ ብርድ ገባ ብላችሁ የአየር ማስገቢያውን በብርድ ልብስ ወይም በላስቲክ አትዝጉ። ልብስም በማሽኑ ወይም በጭስ ማውጫው ላይ አታስጡ።

ሦስተኛ፣ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ በኋላ ማዞት ስለተወደደ ብዙ ቤት ሾፋጁን ትቶ ወደ ሶብያና ወደ ከሰል ተመልሷል። ለቡና ያቀጣጠላችሁትን ከሰል ለሙቀት ብላችሁ ወደ መኝታችሁ አታስገቡ። አመድ የለበሰው ፍም ጭስ ባይኖረውም መርዙ አለው።

አራተኛ፣ ምልክቱን እወቁ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ናቸው። ውጭ ስትወጡ የሚተዋችሁና ስትመለሱ የሚነሣ ራስ ምታት ከሆነ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። በተለይ የቤቱ ሰዎች አብረው ከታመሙ ወዲያው መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ከውጭ ሆናችሁ ለቀይ መስቀል በ140 ወይም ለሲቪል መከላከያ በ125 ደውሉ። «ፊ ጋዝ ቢል ቤት» ማለት ቤት ውስጥ ጋዝ አለ ማለት ነው።

የምታድሩት ከማሽኑ አጠገብ ከሆነ ሳትፈሩ ለማዳም ንገሩ። «ራሲ ዓም ዩጃዕኒ» ብትሉ ራሴን እያመመኝ ነው ማለታችሁ እንደሆነ ትረዳለች። ከበረንዳው የሚገባውን አየር ልጆቿም እንደሚተነፍሱት አስታውሷት። እሺ ካላለች ለሚቀርባችሁ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አሳውቁ፤ ብቻችሁን አትያዙት።

በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ያላደረገ ግን የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ ነው። ሕጉ የሚጠብቀው የቤቱን ጌታ ብቻ ሳይሆን ወደ ጣሪያው የሚወጣውን ሁሉ ነው። ዛሬ በጣሪያውና በበረንዳው የምትወጣው፣ የምታሰጣው፣ የምታድረው እኅታችን ናትና ነፍሷ በእግዚአብሔር ፊት የከበረች ናት።

አምላከ ቅዱሳን ከክፉ ሁሉ ጠብቆ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ። አሜን።